እመት ዝይትና የፊላው ቋጠሮ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጨዋ አድማጭ «ንገረን፣ ጆሯችን ያንተ ነው» ይላል። እንዲህ ያላለ ተነሥቶ ይሂድ፤ እኔ ለግማሽ ጆሮ አልተርክም።

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። አውሬው ከሰው ጋር ሰላምታ የሚለዋወጥበት፣ ሣሩ ሲከፋው የሚያማርርበት፣ ሩቅ አቅራቢ መነጽር እንኳ አፍ አውጥቶ የሚናገርበት ዘመን። በዚያ ዘመን መነጽር ከየት መጣ የሚለኝ ካለ፣ ተረቱን እሱ ይንገረንና እኔ ልስማ።

በዚያ ዘመን ከአንድ ተራራ ሥር ሰፊ ረግረግ ነበር። ስሙ ውኃ አሳድር ይባላል። በጋ ከክረምት አይደርቅም። ዳር ዳሩን ፊላ የሚባለው ረጅም የውኃ ሣር ቆሞበታል፤ ወፉማ ለጉድ ነው። እዚያ ማረስ ክልክል፣ ማደን ክልክል፣ ማጨድም ክልክል ነው። የሚፈቀደው መሄድና ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዎች ከከተማ እየመጡ፣ በረግረጉ ላይ በተዘረጋው የእንጨት ርብራብ ቀስ ብለው እየተራመዱ፣ ወፍ አይተው ይመለሳሉ። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፤ ጉልበቱ የከዳው ሰው እንኳ ዞሮት ይመጣል።

የረግረጉ ጠባቂ አያ ሽባባው ይባላል። ደግ ሰው ነው። ደግነቱን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

እዚያ ረግረግ ውስጥ እመት ዝይት ትኖር ነበር። ዝይ የምትፈለፍለው መሬት ላይ ነው። ሣር ታነጥፋለች፣ የደረቷን ላባ ነቅላ ትደለድላለች፣ ከዚያ ትታቀፋለች። ዓምና አንድ ወፍ ሊያይ የመጣ ሰው፣ ዓይኑ ሰማይ ላይ እንደተሰቀለ ከርብራቡ ወርዶ፣ አምስቱን እንቁላሎቿን በጫማው ረግጦባት ሄደ። ማድረጉንም አላወቀ። አያ ሽባባው የተሰበረውን ቅርፊት ባየ ጊዜ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

ከዚያ አንድ መላ አመጣ። የወፍ ጎጆ ባየ ቁጥር አጠገቡ ያሉትን ሁለት የፊላ ዘንጎች ያገናኝና ጫፋቸውን ይቋጥራል። እንግዶቹን በር ላይ ሲቀበላቸው፣ «የተቋጠረ ፊላ ካያችሁ እግራችሁን ሰብስቡ፤ እዚያ የታቀፈች እናት አለች» ይላቸዋል። እንግዳው ሁሉ ሰማው። ወፉ ሁሉ መረቀው። ዘንድሮ እመት ዝይት አራት እንቁላል ጥላ፣ ከራስጌዋ ቋጠሮ ታስሮላት፣ ተመስገን ብላ ታቀፈች።

እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው ነገሩ የተበላሸው።

በመጀመሪያው ቀን ጎህ ሲቀድ ዳክዬ ጮኸች። ከቋጠሮው ሥር የነበሩት ዘጠኝ እንቁላሎቿ የሉም። በሁለተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ የውኃ ዶሮ ጮኸች። የሷም ከቋጠሮ ሥር ነበሩ፤ የሷም የሉም። እመት ዝይት አንገቷን አስግጋ ብታይ፣ አያ ቀበሮ አፉን በምላሱ እየጠረገ ሲመጣ አየችው።

ያስደነገጣት አረማመዱ ነው። ቀበሮ ሲያድን አፍንጫው ከመሬት አይነሣም፤ ያሸታል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ያሸታል። ይሄኛው ግን ገበያ እንደሚሄድ ሰው ቀና ብሎ፣ የፊላውን ጫፍ ጫፍ እያየ ነው የሚራመደው። ውኃው ማዶ ሲደርስ ቆመ።

«እንደምን አደርሽ እመት ዝይት?»

«እግዜር ይመስገን፣ አያ ቀበሮ። አንተስ እንደምን አደርክ?» አለች። ክንፏን ግን እንቁላሎቿ ላይ ዘረጋች።

«እኔማ ምን እሆናለሁ? ድሮ አንዲት እንቁላል ለማግኘት ስዳክር እውል ነበር። እሾህ ይወጋኛል፣ ብርድ ያቆራምተኛል። ዘንድሮ አያ ሽባባው ዕድሜ ይስጠውና ምግቤን እየቋጠረ ያስቀምጥልኛል።»

«እሱ የቋጠረው እኛን ለመጠበቅ ነው።»

«ለማን እንደቋጠረው እኔ አልጠየቅሁም። ቋጠሮ አየሁ፣ ሄድሁ፣ በላሁ። አፍንጫዬም እፎይ አለች።» ቀበሮው አዛጋና ጀርባውን አሳከከ። «ዛሬ ጠግቤያለሁ። ያንቺ ነገ ነው፤ ጎህ ሲቀድ እመጣለሁ። እስከዚያ አትነሺ፤ እንዳይበርዳቸው በደንብ ታቀፊልኝ።»

ይህን ብሎ ዘወር አለና ወደ ተራራው ሄደ። ሲሄድም አልሮጠም። የሚሮጥ ሌባ ይሻላል፤ ቀስ ብሎ የሚሄደው ነው የሚያስፈራው።

እመት ዝይት ቋጠሮውን ቀና ብላ አየችው። ከትናንት ወዲያ አያ ሽባባው ርብራቡን ሲጠግን፣ «ከሦስት ቀን በኋላ ሃያ እንግዳ በጠዋት ይገባል» ሲል ሰምታለች። ሦስተኛው ቀን ነገ ነው። እንግዲህ ቋጠሮው ካለ ቀበሮ ይመጣል። ቋጠሮው ከሌለ እግር ይመጣል። እንቁላል ይዞ መሸሽ ደግሞ ለዝይ አልተፈጠረም። የዓምናው ቅርፊት ዓይኗ ላይ መጣባት።

እንቁላሎቿን በላባዋ ሸፈነችና እርዳታ ፍለጋ ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ርብራቡ ነው።

«አንተ ርብራብ፣ ስንት ዘመን አብረን ኖርን። ነገ እንግዶቹን ከጀርባህ አታውርዳቸው።»

«እመት ዝይት፣ እኔ እግር እሸከማለሁ እንጂ እግር አላዝም» አላት ርብራቡ። «አመጣጣቸው ደህና ነው፤ በሰልፍ ነው የሚመጡት። አንዲት ወፍ ማዶ ብድግ ስትል ግን ሁሉም ይረሱኛል፤ ዘለው ይወርዳሉ። እኔም ሲጢጥ እላለሁ፣ እጮኻለሁ። ይሄ እንጨት አርጅቷል ብለው ያልፋሉ።»

ርብራቡን ትታ በሩ ላይ ወዳለው የጠባቂው ጎጆ በረረች። አያ ሽባባው የለም፤ እንግዶቹን ይዞ ሊመጣ ከተማ ወርዷል። ከበሩ በላይ በምስማር ላይ ሩቅ አቅራቢው መነጽር ተንጠልጥሏል።

«አያ ሽባባው መቼ ይመለሳል?»

«ነገ ጎህ ሲቀድ ከእንግዶቹ ጋር። ምን ፈለግሽ? እኔ አለሁ። እኔ ካለሁ እሱ አለ ማለት ነው፤ በማን ዓይን የሚያይ መሰለሽ?»

«እንግዲያው ነገ በሚይዝህ እንግዳ ዓይን ላይ ስትሆን እኔን አሳየው። እንዳይረግጠኝ።»

«የት ነሽ?»

«ከርብራቡ አሥር እርምጃ።»

መነጽሩ ከት ብሎ ሳቀ። «አሥር እርምጃ ላይ ያለ ነገር ለኔ ጭጋግ ነው። ተራራው ላይ ወጥተሽ ታቀፊ፤ የላባሽን ቁጥር ሳይቀር እነግረዋለሁ።»

«እግርህ ሥር ያለውን ሳታይ ተራራው ምን ያደርግልሃል?» አለችውና ተናዳ ተመለሰች። መነጽሩም ከበረረች በኋላ እስከ ጎጆዋ ድረስ በዓይኑ ሸኛት። አሁን በደንብ ታየችው፤ ምን ይጠቅማል?

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ጎጆዋ ደረሰች። እንቁላሎቹ ላይ ተኛችባቸውና ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ከራስጌዋ የተቋጠረችው ፊላ ተናገረች።

«እመት ዝይት፣ ጠዋት ቀበሮው ያለውን ሰምቻለሁ። ከተቋጠርሁ ጀምሮ አንገቴን ያመኛል፤ ለልጆችሽ ነው ብዬ ቻልሁት። ለካ ጠላትሽ የሆንሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን አደረግሽ? አሁን እንዴት ልፍታሽ? ምንቃሬ ቋጠሮ አይፈታም።»

«እንግዲያው ቁረጪኝ።»

«ትሞቻለሽ።»

«እሞታለሁ። ግን ተቆርጬም እስከ ነገ ረፋድ አረንጓዴ ነኝ። ያ ማዶ ያለው አረንቋ ሣር የመሰለ ክዳን አለው፤ ከሥሩ መሬት የለውም። እዚያ መሐል ትከዪኝ። ቀበሮው አሁን የሚያየው ቋጠሮ ብቻ ነው፤ ሥር ያለኝ መሆኑን አይጠይቅም።»

እመት ዝይት ወደ ርብራቡ ዞር ብላ አየች። «ቀበሮውስ እሺ። እግሩን ምን ላድርገው? ያለ ቋጠሮ ልቀር ነው።»

«ለእግሩ መላ የለኝም» አለች ፊላዋ።

ይቺን ፊላ እኔ እወዳታለሁ። የሌላትን መላ አለኝ አላለችም።

እመት ዝይት ፊላዋን ከሥሯ ግጥም አድርጋ ነከሰች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ዘንጎቹ ተቆረጡ። በምንቃሯ ይዛ እየቀዘፈች አረንቋው መሐል ደረሰችና ተከለቻት። ቋጠሮው ቀጥ ብሎ ቆመ። ስትመለስ ከራስጌዋ ባዶ ሰማይ ነው የቀረው።

ሦስተኛው ቀን ነጋ።

ስስ ጉም ወርዷል። እመት ዝይት እንደ ታቀፈች ሁለት ነገር ትሰማለች። ከተራራው በኩል ቀስ ያለ ኮቴ ይመጣል። ከበሩ በኩል የብዙ ሰው ድምፅ ይመጣል። ከሥሯ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይሰማታል፤ እንቁላሎቹ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አለ። አንዲት ቀን ብቻ ብታገኝ ሁሉም ይወጡ ነበር።

በሩ ላይ አያ ሽባባው እንደ ልማዱ እንግዶቹን ሰብስቦ፣ «የተቋጠረ ፊላ ካያችሁ እግራችሁን ሰብስቡ» አላቸው። እነሱም «እሺ አባት» አሉ። ከዚያ እሱ ጎጆው በር ላይ ተቀመጠ። ለምን ይከተላቸው? ቋጠሮው አለላቸው።

እንግዶቹ ርብራቡ ላይ ወጡ። ከፊት ያሉት ወይዘሮ አሰገደችና ባሏ አቶ ዳምጠው ናቸው። መነጽሩ የአሰገደች አንገት ላይ ነው።

«ክንፏ ሰማያዊ የሆነችው ዝይ እዚህ ናት ብለውኝ ነበር» አለ አቶ ዳምጠው። «የታለች?»

«ቆይ፣ እየፈለግሁ ነው። ማዶ የለችም።»

«እስቲ ወረድ ብለሽ እይ። እዚህ ጋ ቋጠሮ የለም፤ መውረድ ይቻላል።»

እመት ዝይት ይህን ሰማች። አሰገደች መነጽሩን ዓይኗ ላይ እንዳደረገች ከርብራቡ ወረደች። ርብራቡ ሲጢጥ ብሎ ጮኸ። «እንጨቱ አርጅቷል» አለ አቶ ዳምጠው።

አንድ እርምጃ። አምስት እርምጃ። ዘጠኝ እርምጃ። እመት ዝይት ብድግ ብትል ትድናለች፤ ክንፍ አላት። ግን ብድግ ስትል ሃያው ሰው «ያቻት!» ብሎ ዘሎ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ አራቱም ያልቃሉ። አንገቷን ሣሩ ውስጥ አጋደመችና ዓይኗን ጨፈነች።

ጫማው ክንፏ ላይ አረፈ። ከክንፏ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ።

እናንተዬ፣ አልጮኸችም። አንዱ እንቁላሏ ከሥሯ ሲሰበር፣ እርጥበቱ ሆዷ ላይ ሲፈስ አልጮኸችም። እኔ ብሆን እጮኽ ነበር፤ እሷ ግን ቻለችው።

አሰገደች እግሯ ሥር ለስላሳ ነገር ተሰማት። መነጽሩን ከዓይኗ አውርዳ ቁልቁል አየች። ዝይቱም ዓይኗን ገለጠች። ተያዩ። ከሩቅ ልታያት ያን ሁሉ መንገድ የመጣችላት ወፍ ጫማዋ ሥር ናት።

«አገኘሽ ወይ?» አለ ባሏ።

አሰገደች እግሯን በዝግታ አነሣች። «አላገኘሁም» አለች። «እናንተ እለፉ። እኔ እዚህ ትንሽ እቆማለሁ።» ወደ ርብራቡ ፊቷን አዞረችና ዝይቱን በቀሚሷ ከልላ ቆመች።

በዚያው ሰዓት አያ ቀበሮ ውኃው ዳር ደርሶ ነበር። ቀና ብሎ ቋጠሮ ፈለገ። አየው። ግን ቆም አለ።

«ቋጠሮው ትናንት እዚያ ጋ የነበረ መሰለኝ» አለ ለራሱ።

እመት ዝይት ከአሰገደች ቀሚስ ጎን አሻግራ ታየዋለች። ቀበሮው አንዴ ቢያሸት አለቀ። የዝይ ሽታ በየት በኩል እንደሆነ አፍንጫው ይነግረዋል። ቀበሮው አፍንጫውን ወደ መሬት ሊያወርድ ጀመረ፤ ከዚያ ተወው።

«አያ ሽባባው አይሳሳትም» አለና ወደ ቋጠሮው ሄደ።

በመጀመሪያው እርምጃ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ጤዛ ነው አለ። በሁለተኛው እስከ ጉልበቱ ገባ። ትንሽ ነው የቀረኝ አለ። በሦስተኛው እስከ ሆዱ ገባ። ያን ጊዜ ምንም አላለም፤ አለቀሰ እንጂ። ልቅሶው ረግረጉን አናወጠው።

እንግዶቹ በርብራቡ ሮጡ። አያ ሽባባው ዱላውን ይዞ ከበሩ መጣ። ቀበሮው አንገቱ ብቻ ነው የሚታየው። ከአፍንጫው ፊት ለፊት የተቋጠረ ፊላ ቆሟል።

«ምን አባክ ልታደርግ እዚህ ገባህ?» አለው አያ ሽባባው።

«አንተ ነህ ያስገባኸኝ። ቋጠሮህን ተከትዬ ነው የመጣሁት። ትናንትም የውኃ ዶሮ ጋ ያደረስኸኝ አንተ ነህ፤ ከትናንት ወዲያም ዳክዬ ጋ። አንዷን እንኳ ራሴ አላገኘኋትም።»

«እኔ የቋጠርሁት ለሰው ነው።»

«ቋጥረህ ሄድህ። እዚያ ብትቀመጥ ኖሮ እኔ እመጣ ነበር?»

ከእንግዶቹ አንዱ ሊስቅ አለ። የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ተወው። አያ ሽባባው የቀበሮውን ነገር ሰምቶ ሳይጨርስ ከኋላው አሰገደች ጠራችው።

«አባት፣ ኧረ ወዲህ ይምጡ።»

ሄደ። ዝይቱን አየ። ሰማያዊ ክንፏ ላይ የጫማ ጭቃ አለ። ከሥሯ የእንቁላል ቅርፊት ይታያል።

«የኔ እግር ነው» አለች አሰገደች። «ቋጠሮ የለም ብዬ ነው የወረድሁት። ይቅር በሉኝ።»

አያ ሽባባው ሣሩ ላይ ተንበረከከ። «እመት ዝይት፣ ቋጠሮሽ የት ሄደ?»

«ቆርጬ ቀበሮው ጋ ወሰድሁት። ቢኖር እሱ ይበላብኝ ነበር። ባይኖር ይኸው፣ አንዱ ሄደ። ሦስቱን ይዣለሁ።»

ሽማግሌው አለቀሰ። ሰው ፊት ነው፣ እንግዳ ፊት ነው አላለም። ከዚያ ተነሥቶ ዱላውን ለቀበሮው ዘረጋለት። እንግዶቹ አጉረመረሙ። «ይስጠም እንጂ፣ ምን ያወጡታል?» አለ አቶ ዳምጠው።

«ይሄም የዚህ ረግረግ ነው» አለ አያ ሽባባው። «እሱንም ጠብቅ ተብዬ ነው የተቀመጥሁት።»

ቀበሮው ዱላውን በጥርሱ ነክሶ ወጣ። ጭቃውን አራገፈ። የነውር ስሜት የለውም፤ ቀበሮ ነው። «ነገም ብመጣስ?» አለ።

«ና» አለው ሽማግሌው። «እኔም እኖራለሁ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ጫጩቶች ወጡ። ማታውን እመት ዝይት አስከትላቸው ውኃ ገባች። እየቀዘፈች ደጋግማ ወደ ኋላ ታያለች፤ ቁጥሩ አልሞላላትም።

አያ ሽባባው በዚያው ሳምንት ቋጠሮውን ሁሉ አንድ በአንድ ፈታ። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ በየጎጆው አጠገብ ይቆማል፤ ቀበሮው ከተራራው ያየዋል፣ ይመለሳል። እንግዳ ሲመጣም ከፊት እየሄደ፣ እየመራ ያዞራል። እግሩ በውኃ አበጠ፣ ወገቡ ጎበጠ። አንድ ቀን አንድ እንግዳ አዘነለትና፣ «አባት፣ ምልክት አድርገው ቢቀመጡ አይሻልም?» አለው።

«ምልክት አድርጌ ተቀምጬ ነበር» አለ አያ ሽባባው፤ መንገዱንም ቀጠለ።

ተረቴን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ የሰማ ለልጁ ይንገር። እናንተም የምትሳሱለት ነገር ካላችሁ፣ ምልክት አስራችሁበት አትሂዱ። ምልክቱን ወዳጅም ያየዋል፣ ቀበሮም ያየዋል። ጠባቂ የሚባለው አብሮ የሚውል ሰው ነው።